የጉልላት እግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ እንግዶቻችን፤

በእጄ የያዝኩት የብርቱካን ልጣጭ ነው። ብርቱካኑን ለሁለት ገምሼ ውስጡን አውጥቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ስደፋው ትንሽ ጉልላት ይሆናል። አሁን በመዳፌ ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ። ፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ እንደምታዩት አናቱ ምንም አልሆነም። የተቀደደው ከታች፣ ከጠርዙ ነው። ስንጥቁም ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ጉልላት ስር ስንገባ ሁላችንም ቀና ብለን አናቱን እናያለን። ለሺህ ዓመታት ግንበኞችን እንቅልፍ የነሳው ግን እግሩ ነው።

እኔም ይህን ቶሎ አልተማርኩም። ገና ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ የአንድ አሮጌ ጉልላት ስንጥቅ እንድመረምር ተልኬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቴ እስኪደርቅ ሽቅብ ሳይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን እዚያው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ አጠገቤ መጡና፣ «ልጄ፣ ምን ሰማይ ሰማይ ታያለህ? እግሩን እይ እንጂ» አሉኝ። እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አስቀመጡት። ግድግዳው ወደ ውጭ ዘመም ማለቱን ከዓይኔ በፊት ጣቴ አወቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልላትን ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉልላት ውስጥ ያለ ድንጋይ ሁሉ መውደቅ ይፈልጋል፤ ጎረቤቶቹ ግን አጣብቀው ይይዙታል። ወደ አናቱ የተጠጉት ዙሮች እርስ በርስ እየተጫጫኑ ይበልጥ ይጣበቃሉ። አናቱን ቀዳዳ ብንተወው እንኳ የማይደረመሰው ለዚህ ነው። ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። የታችኞቹ ዙሮች ከላይ በተጫናቸው ክብደት ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ መከፈት ይፈልጋሉ። ድንጋይና ጡብ ደግሞ ሲጫኗቸው ብርቱ፣ ሲጎትቷቸው ደካማ ናቸው። ስለዚህ እግሩን የሚይዝ አንድ ነገር ያስፈልጋል።

ሮማውያን እግሩን በክብደት ያዙት። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን የተጠናቀቀው የሮም ፓንቲዮን ቤተ መቅደስ ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ ከተሠሩት ጉልላቶች እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። ከግርጌው ስድስት ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ አናቱ ላይ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ኮንክሪቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ከላይ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደባልቀውበታል። አናቱ ላይ ደግሞ ምንም የለም፤ ዘጠኝ ሜትር የሚጠጋ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ፀሐይ በዚያ ትገባና ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ ስትዞር ትውላለች። ዝናብም ይገባል፤ ወለሉ ላይ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። እንዲህም ሆኖ ጉልላቱ እንደ ብርቱካኑ ልጣጭ ከግርጌው ሽቅብ ተሰንጥቋል። ያ ሁሉ የግድግዳ ውፍረት ስለያዘው ግን እንደተሰነጠቀ ቆሞ ይኖራል።

በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል ያለችው፣ ቤተ ክርስቲያን ሆና የተሠራችው ሐጊያ ሶፊያ ታሪኳ ከዚህ የከፋ ነው። መሐንዲሶቹ አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ532 እስከ 537 ባለው አምስት ዓመት ብቻ ሠርተው ጨረሷት። ጉልላቷ ከግርጌው በ40 መስኮቶች የተከበበ ስለሆነ ብርሃኑ እግሩን ቆርጦ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ያስመስለዋል። ዓይንን ለማታለል ከዚህ የበለጠ ውብ ዘዴ አላየሁም። የመጀመሪያው ጉልላት ግን ዝቅ ያለ፣ የተለጠጠ ነበር። ጉልላት በተለጠጠ ቁጥር እግሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይበረታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨመረበትና በ558 ወደቀ። ታናሹ ኢሲዶሮስ እንደገና ሲሠራው ስድስት ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። ከዚያም በኋላ ከፊሉ እየወደቀ ተጠግኗል፤ ዋናው ቅርጹ ግን እስከ ዛሬ አለ።

በፍሎረንስ ወርቅ አንጣሪው ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 የካቴድራሉን ጉልላት ሲያቆም ከመሬት የሚነሳ የእንጨት ድጋፍ አልተጠቀመም። ጡቡን በዓሣ አጥንት ቅርጽ እየደረደረ ያልደረቀው ዙር እንዳይንሸራተት አደረገው። በግድግዳው ውስጥ ደግሞ በብረት የተያያዙ የድንጋይ ሰንሰለቶችና አንድ የእንጨት ሰንሰለት ቀበረ። በርሜል ሠሪ በርሜሉን በብረት ቀለበት እንደሚያስር ማለት ነው። የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላትም በ1740ዎቹ ስንጥቁ ሲያስፈራ የዳነው ተጨማሪ የብረት ቀለበቶች ዙሪያውን ታስረውለት ነው።

ያን ጉልላት የመረመረው ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆቫኒ ፖሌኒ የተጠቀመበት ዘዴ በጣም ይገርመኛል። ክር ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ቁልቁል ለቀቀውና የሠራውን ቅርጽ ገልብጦ ከጉልላቱ ቅርጽ ጋር አስተያየው። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የሮበርት ሁክ ነው፤ በ1675 ፊደሎቹን አዘበራርቆ እንደ እንቆቅልሽ አትሞት ነበር። ሰንሰለት ሁለቱን ጫፎቹን ይዘን ስናንጠለጥለው በጉተታ ብቻ የሚቆም ቅርጽ ይሠራል። ያንኑ ቅርጽ ብንገለብጠው በግፊት ብቻ ይቆማል፤ ጉተታ የሚባል ነገር አያውቅም።

በሰሜን ካሜሩን የሚኖሩት የሙስጉም ሕዝብ ይህን ቅርጽ ከጭቃ ሠርተውታል። ባህላዊ ቤታቸው የተገለበጠ ሰንሰለት ይመስላል፤ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ግርጌው ወፍራም፣ አናቱ ስስ ነው። ከውጭ በኩል እንደ ጌጥ የሚታዩት የጭቃ ጉብታዎች ሥራ አላቸው። ግንበኛው እየረገጣቸው ይወጣል፤ ዝናብ ሲዘንብም የውኃውን ጉልበት ይሰብራሉ። መወጣጫው የቤቱ አካል ሆኖ ይቀራል። ከብረት ቀለበት ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ እግሩን ከማሰር በፊት እግሩ እንዳይገፋ አድርጎ መገንባት።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑይት ሰዎችም በበረዶ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኢግሉ የሚባለው የበረዶ ቤታቸው ከኳስ ግማሽ ይልቅ ወደ ተገለበጠው ሰንሰለት ይጠጋል። ነፋስ ካጠነከረው በረዶ የተቆረጡት ጡቦች ወደ ውስጥ እያዘነበሉ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞሩ ይወጣሉ። ሰው ከገባ በኋላ ሙቀቱ የውስጡን ገጽ በስሱ ያቀልጠዋል፤ መልሶ ሲረጋ መጋጠሚያዎቹን ይለስናቸዋል።

ተፈጥሮ ከሁሉ ትቀድማለች። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቢወፍር የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ከውጭ ሲጫኑት የእናቱን ክብደት ይሸከማል። ጫጩቱ ግን ከውስጥ በምንቃሩ ጫፍ ባለችው ትንሽ ጥርስ መሰል ነገር ይሰብረዋል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መገፋት ለቅርፊቱ ጉተታ ነውና። ያው የብርቱካኑ ልጣጭ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ድክመቱ በር ሆኗል።

የመጨረሻው ጉልላት በየቤታችሁ ያለ ነው። አራስ ልጅ ስትታቀፉ አናቱን በመዳፋችሁ ዳሰስ አድርጉት። አጥንቶቹ ገና አልተገጣጠሙም፤ ሲወለድ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው በጠባቡ መንገድ አልፈዋል። አንጎሉ ከውስጥ እያደገ ሲገፋቸው አጥንቶቹም አብረው ይሰፋሉ። እኔ የማውቃቸው ጉልላቶች ሁሉ ከውስጥ ቢገፏቸው ይሰነጠቃሉ፤ ይህኛው እየተገፋ ያድጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚገጥመው ለስላሳው ቦታ በእኛ ቋንቋ እርግብግቢት ይባላል። መዳፋችሁን ሳትጫኑ ብታቆዩት የልቡ ምት ከሥሩ ሲርገበገብ ይሰማችኋል።

አመሰግናለሁ።