«ሥራ የለኝም» ብላችሁ እንዳትጽፉ

(ደብረ ማርቆስ ላይ በቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ምረቃ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የኮሌጁ መምህራን፣ በዚህ ጊዜ መንገዱን ደፍራችሁ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደብረ ኤልያስ የመጣችሁ ወላጆች፣ እናንተም ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ዲኑ ሲጋብዙኝ ስለ ሥራ ፈጠራ ጥቂት እንድናገር ነበር። ስለ ሥራ ፈጠራ ስትሰሙ ነው የከረማችሁት፤ የምጨምርበት የለኝም። እኔ እዚህ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ብዙዎቻችሁም ከፊቴ ተቀምጣችሁ ተምራችኋል። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። ከነገ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ትሞላላችሁ። ብዙው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው። ጆብ ይላል፣ ኦኪዩፔሽን ይላል፣ ፕሮፌሽን ይላል፣ ኢምፕሎየር ይላል። እኛ ዘንድ ሁሉም «ሥራ» ተብለው ይታለፋሉ። ልዩነት አላቸው። ልዩነቱን ሳያውቁ መሙላት ሰው ይጎዳል፤ ሲጎዳም አይቻለሁ።

ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ አለ። እንደ እናንተው ብረታ ብረት ሠልጥኖ፣ ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለት ነው፣ አልፎ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራየና ብየዳ ጀመረ። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የተሰበረ ጋሪ ይጠግናል። ሁለት ልጆች አብረውት ይሠራሉ፣ እናቱንም የሚጦር እሱ ነው። መብራት እየጠፋ ሥራው ሲስተጓጎልበት ጄኔሬተር ልግዛ ብሎ ብድር ጠየቀ። የት እንደሆነ አልናገርም። ቅጽ ሰጡት፣ ሞልቶ አስገባ። የተቀበለችው ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ወንድሜ፣ ሥራ ለሌለው ሰው አናበድርም» ብላ መለሰችለት።

እኔ ያገኘሁት የአጥር በር ላሠራ ስሄድ ነው። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣልኝ። አራት ላይ ታጥፏል፣ ጠርዙ ላይ የጣቱ ጥቁር አሻራ አለ። «ኦኪዩፔሽን» ከሚለው ፊት «ኖ» ብሎ ጽፏል። «ኢምፕሎየር» ከሚለው ፊትም «ኖ»። «ምነው?» ስለው «ቲቸር፣ አልተቀጠርሁማ!» አለኝ። ይህን ሲለኝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የኤሌክትሮዱን መያዣ እንደጨበጠ ነው። ከኋላው ባለ ሁለት ክንፍ በር ተገትሯል፣ ብየዳው ገና አልበረደም። ያንን በር በእጁ የሠራ ሰው በዚያው እጁ «ሥራ የለኝም» ብሎ ፈረመ!

ልጆቼ፣ ኦኪዩፔሽን ቀጣሪህ ማነው አይልም። የምትሠራው ምን ዓይነት ሥራ ነው ነው የሚል። በያጅ ነህ፣ ሸማኔ ነህ፣ ገበሬ ነህ፣ ነርስ ነህ፤ ቀጣሪ ኖረህም አልኖረህም መልስ አለህ። ቀጣሪውን የሚጠይቀው ኢምፕሎየር የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» ብሎ ይጽፋል። ጆብ ደግሞ ሌላ ነው። ድሮ እንግሊዞች ጆብ ሲሉ አንድ ቁራጭ ሥራ ማለታቸው ነበር፣ ተሠርቶ የሚያልቅ። ዛሬም ያ ጠባዩ አለቀቀውም፤ ሰው ጆቡን ያጣል፣ ይቀይራል፣ ሁለት ጆብ ይይዛል። ድርጅቱ ቢዘጋ በያጁ ጆቡን ያጣ ይሆናል፣ በያጅነቱን ግን ማንም አይወስድበትም።

ጄኔቫ ያለው የዓለም የሥራ ድርጅት የሥራ ዓይነቶችን የሚመድብበት ሰነድ አለው፣ አሁን የሚሠራበት በፈረንጆቹ 2008 የሚባለው ነው። ጆብ የሚለውን ሲተረጉም ለቀጣሪ የሚሠራውንም ለራሱ የሚሠራውንም አንድ ላይ ያስገባል። ሥራን ሁሉ በ10 ዋና ዋና ምድብ ከፍሎታል። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ቄሱ ሳይቀሩ 2ኛው ውስጥ ናቸው። ገበሬው 6ኛው ውስጥ ነው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ በያጁ 7ኛው ውስጥ ናቸው። ስማቸው ተጽፏል፣ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ጄኔቫ የተቀመጠ ሰው ያልዘነጋውን ሸማኔ እዚህ የአገሩ ሰው፣ ነጠላውን የለበሰለት ሰው፣ «ሥራ የለውም» ይለዋል!

ወደ ልጁ ልመለስ። ቅጹን አስተካክለን ጻፍንና ይዞ ሄደ። አሁንስ? «እሺ፣ ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» አሉት። የሚያገኘው የሱን ግማሽ የማይሞላ የአጎቱን ልጅ ለምኖ፣ ያም ከቢሮው ደብዳቤ አጽፎለት፣ በስንት ምልልስ ነው ብድሩ የተፈቀደ። ስለዚህ ነገሩ የእንግሊዝኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቤት ለሽምግልና ሄደን ነበር። ከመካከላችሁ አብረውኝ የነበሩ አሉ። «ልጁ ሥራ አለው ወይ?» ተባልን። «ልብስ ይሰፋል፣ የራሱ ሲንጀር አለው፣ ሱቁም የታወቀ ነው» አልን። «መስፋቱንስ ይስፋ። ሥራ አለው ወይ ነው ያልናችሁ» ተባልን። እናንተው ፍረዱ! ሥራ ማለት ጠረጴዛ ነው? ሥራ ማለት ወር ሲደርስ ፔሮል ላይ መፈረም ነው? ይህን ያሉን አባት የለበሱትን ኮት ማን ሰፋው? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፣ አገር የሚያቀና ሠራተኛ ነው ብለው ከለከሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀረ እንበል፤ ንቀቱ ግን እዚሁ አለ፣ አሁን «ሥራ አለው ወይ?» የሚል ጨዋ ጥያቄ ሆኖ በየቤቱ ይዞራል!

ደግሞ እናንተም ተዉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አረቄ አውጥታ፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣ፣ ልጇን ለዛሬ ያበቃች እናት ተቀምጣለች። አንድ አይደለችም፣ ብዙ ናቸው። የትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» ሲባል «የላትም» ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ፤ ቅጹን የምሰበስበው እኔ ነበርሁ። ሌሊት ስትነሳ ያያችኋትን እናት ሥራ የላትም አትበሉ! እስኪ እጃችሁን አጨብጭቡላት።

ፕሮፌሽን የሚለውን እንየው። እኛ ከተማ ፕሮፌሽናል የሚባለው ከረባት ያሰረ ነው። ቃሉ ሲነሳ ግን ከገዳም ነው የተነሳው። በአውሮፓ ምንኩስና የሚገባ ሰው በአደባባይ የሚሰጠው ቃል ኪዳን ነበር። በኋላ ለሦስት ሙያዎች ተሰጠ፣ ለሃይማኖት ትምህርት፣ ለሕግና ለሕክምና፤ ከዚያ እየሰፋ መጣ። ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታዎች ያሉበት የጎጃም ሰው ይህ ሊገባው ይገባል። ሊቃውንቱ ዘመናቸውን ለአንድ ትምህርት የሰጡ ናቸው። ሐኪምም ሥነ ምግባር ሲጥስ ፈቃዱ ሊነጠቅ ይችላል። እናንተ ቅጹ ላይ ፕሮፌሽን ሲል የሠለጠናችሁበትን ሙያ ጻፉ፣ ደረጃውንም ጨምሩ። ስትጽፉ ግን ቃል ሰጥታችኋል ማለት ነው። የብየዳውን መገጣጠሚያ ሳትሞሉ ቀለም አትቀቡበት። ሽቦውን ሳታጠብቁ ግድግዳውን አትድፈኑት። በሩን የሚከፍተው፣ መብራቱን የሚያበራው ልጅ ነው።

ቮኬሽን ከዚህ ይቀርባል። ጥሪ ማለት ነው፣ እግዚአብሔር የጠራው እንደማለት። መጀመሪያ ለካህንና ለመነኩሴ ብቻ ነበር የሚባለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር ጀርመን አገር ተነሣና እያንዳንዱ ሰው በያዘው ሥራ የተጠራ ነው፣ ጫማ ሰፊውም ጭምር፣ ብሎ አስተማረ። በሌላው ትምህርቱ አንስማማ ይሆናል፤ ይቺን ግን ስሙለት። የሥልጠናችሁ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ «ቮኬሽናል» የሚለው ቃል አለ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የሚገባበት ማለት ነው ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

ትሬድን ንግድ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙት፤ የእጅ ሙያንም ይላል። ትሬድህ ምንድን ነው ሲባል «ነጋዴ አይደለሁም» ብሎ የመለሰ አውቃለሁ። ካሪየር ደግሞ መንገድ ከሚል የመጣ ነው፣ ሰው በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚሄድበት። የናንተ ገና ዛሬ ስለጀመረ ቅጹ ላይ ብዙ አትጨነቁበት።

ሰዓቴ አልቋል፣ ዲኑም እያዩኝ ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እቆያለሁ። ሲቪም ሆነ ቅጽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እስክሪብቶም አትርሱ፣ አንድ በአንድ አብረን እንሞላለን። ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።