ቀዩዋ ቀስት

እሺ... ደህና ናችሁ? ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያችው ክፍል ነኝ። የሚጮኸው የጎረቤት ዶሮ ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ "ደሞዝ ይከፈለው" ያላችሁት።

ማክሰኞ እማዬን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ካርድ ክፍል ስንደርስ "ሲስተም የለም" ተባልን። ገነፈልኩ። ወረቀቱ ምን በደላችሁ፣ ኮምፒውተር ምን ያደርግላችኋል፣ ምናምን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝ። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች "ተው ልጄ" ትላለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲስተሙ መጣ። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የዕለቱ የስኳር ውጤት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ።

"ይኼ የ2015ቱ ነው። ያኔ ምን አሏችሁ?"

በባዶ ሆድ 148። ከ126 ጀምሮ ዝም የሚባል አይደለም፤ ተደግሞ መታየት ነበረበት።

ምንም አላሉንም። ማለት... ቆይ። የሚነግረን ሰው ፊት አልደረስንም። ያን ቀን ውጤቱ ዘገየ፣ እኔ ሥራ ረፍዶብኛል፣ የታክሲው ሰልፍ ደሞ አለ። "ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብዬ ይዣት ወጣሁ። ነገ አልሄድኩም።

ወረቀት ቢሆን የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። እኔም በሰላም እኖር ነበር። ይኼ ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። 148ቷ አጠገብ ትንሽ ቀይ ቀስት አለች፣ ወደ ላይ የምታሳይ። ያን ሁሉ ጊዜ ለማን ነው የምታሳየው?

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ "የመረጃ አብዮት" ሲል ነበር። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሶፍትዌር፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ የየጤና ተቋሙን ሪፖርት ይሰበስባል። ስንት ሰው ታየ፣ ስንቱ ታመመ። ጥሩ ነው፤ መድኃኒትም በጀትም ያለ ቁጥር አይታቀድም። ግን ቆጠራ እማዬን "ነይ" ብሎ አይጠራትም። አንድ የስልክ መልእክት እኮ ነው! ለሎተሪ ሲሆን በቀን ሦስቴ ይልኩልኝ የለ?

አይ... ሰበብ እየፈለግኩ ነው መሰለኝ።

ስንወጣ እማዬ "ያቺን ልጅ ይቅርታ በላት" አለችኝ። ስለ 148ቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ተመለስኩ። ምሳ ሰዓት ሆኖ መስኮቱ ተዘግቷል።

ትናንት ቡና ሲቀርብ የስኳሩን ዕቃ ከፊቷ አነሳሁት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሲኒዋን... እንዴ፣ ዶሮው ዝም አለ። ቆዩ እስቲ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ።