ለምን የእውነት ሮጥክ?

እሺ። ቬንትሌተሩ ጠፍቷል፣ ላቡ ጀምሯል፣ እንግዲህ ፖድካስቱም ጀምሯል ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ፊደል ነበር የማወራው። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ይቆየን። አንድ ነገር ውስጤ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ሳቀች። ለወንድሜ ደወልኩለት፣ እሱማ ከሳቁ ብዛት ማውራት አቃተው። እና ያስቃል፣ አቦ፣ አልክድም። እኔም ሳወራው እየሳቅኩ ነው። ግን ማታ ጋደም ስል ሳቁ ይሄድና ሌላው ነገር ይቀራል።

ቤት ውስጥ የማስተምራት ልጄ እሜቴ ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትጫወት ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ መልእክት መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት፦ በጋ ነው፣ ወንዙ ደርቋል፣ ሰው በላዩ እየተሻገረ ቀፊራ ገበያ ይሄዳል፣ ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ። ከላያችን ደንገጎ ላይ ደመና ጠቆር ካለ እንኳን እሷን ራሴንም ወደዚያ እንደማላስጠጋ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ «ሜትሮሎጂ» ብላ ስም ያወጣችልኝ በዚህ አይደል?

የምንወጣው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ከሆነ እስከ አራት ሰዓት፤ ከዚያ ወዲያ የድሬ ፀሐይ ማንንም አታስተምርም። እኔ ግንቡ ሥር፣ ጥላው ያለበት ጋ እቀመጣለሁ፣ ጥቁሩን መዝገብ ጭኔ ላይ አድርጌ። መዝገቡን የምትጠሉት አላችሁ። «ልጅህን እንደ መብራት ቆጣሪ ታነባታለህ» ያለኝ ሰው ነበር፤ ጥሩ አባባል ነው፣ ሰላም በልልኝ። ግን የማየውን ወዲያው ካልጻፍኩ ማታ ላይ የማስታውሰው የወደድኩትን ብቻ ነው።

ዘዴው ደግሞ የኔ አይደለም። ሚልድረድ ፓርተን የምትባል አሜሪካዊት በፈረንጆቹ 1932 ያሳተመችው ጥናት አለ። ትንንሽ ልጆች እንደፈለጉ በሚጫወቱበት ሰዓት እየዞረች እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ ታያለች፣ ከዚያ ከስድስት አንዱ ላይ ትመድበዋለች። ምንም የማይሠራ አለ፣ ብቻውን የሚጫወት አለ፣ ቆሞ የሚያይ አለ፣ ከሌሎች ጎን ሆኖ የራሱን የሚጫወት አለ፣ ከሌሎች ጋር የሚቀላቀል አለ፣ መጨረሻ ላይ ተባብሮ፣ ሥራ ተከፋፍሎ አንድ ጨዋታ የሚጫወት አለ። እኔም ስልኬ ላይ ደቂቃ እሞላለሁ፣ አያለሁ፣ ሲጮህ እጽፋለሁ።

እሜቴ ሦስተኛው ናት። ቆሞ የሚያይ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሆዷን ገፋ አድርጋ፣ ልክ ጡረታ የወጣች ባለሥልጣን። ሰው ይሄን ሲሰማ ያዝንላታል። «ትምህርት ቤት ብትገባ ኖሮ እኮ...» ይጀመራል። በተለይ ሱፐርቫይዘሯ፣ አማቴን ማለቴ ነው። መጥተው ነበር በነገራችን ላይ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘው ስለመጡ መከራከር አልቻልኩም፣ አፌ ሞልቶ ነበር።

«ዛሬ ምን ተማረች?» አሉ።

«አሸዋ።»

«አሸዋ?»

«አሸዋ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሰባት ዓመት ሲሞላት ግን አንደኛ ክፍል ትገባለች አይደል?» አሉኝ። «እንነጋገራለን» አልኳቸው። እሳቸው ጋ «እንነጋገራለን» ማለት እሺ ማለት ነው፤ ስለዚህ እሺ ብያለሁ መሰለኝ። ሙሸበኩ ግን... አቦ፣ ጣቴ እስካሁን ይጣበቃል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። ጨዋታው።

ያን ቀን ልጆቹ የሚጫወቱትን እኔ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱ ልጅ አሸዋው ላይ በጠጠር ክብ ይሠራል፤ ቤቱ ነው። ውስጡ ዕቃ ያስቀምጣል። ቆርኪ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የሸክላ ስባሪ፣ ያገኘውን። አንዱ ልጅ ደግሞ ወደ ድልድዩ በኩል ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሌሎቹ ቤታቸው ውስጥ ይተኛሉ። የምር ይተኛሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ አንዷማ ታንኮራፋለች። ከዚያ ያ የቆመው ልጅ ዞር ይልና «ሎላን ዱፌ!» እያለ ቁልቁል ይሮጣል። ጎርፍ መጣ። ሁሉም ብድግ ብለው ወደ ግንቡ። የተያዘው እሱ በተራው ጎርፍ ይሆናል።

አባሮሽ ነው እንግዲህ። ግን አንድ ሕግ አለው። ግንቡ ላይ ባዶ እጅህን ከወጣህ አልዳንክም። ከቤትህ አንድ ነገር ይዘህ መውጣት አለብህ። አንድ ብቻ፤ ሁለት ከያዝክም ወድቀሃል። ግንቡ ላይ የቆመ ልጅ አለ፣ የሚዳኘው። «ምን ይዘሽ ወጣሽ?» ይላል። ታሳያለች።

ትልቁ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። የእውነቱ የደቻቱ ጎርፍ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። የሚተኙት ሌሊት ስለነበር ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፤ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ይሄን ማን ነገራቸው? የሚሮጡበት ግንብ ራሱ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ለነሱ ግን ሲወለዱም የነበረ ነው፤ እንደ ተራራው።

ደቻቱ ደግሞ ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ የዘነበውን ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከላያችን ያለው ደጋ ከ2,000 ያልፋል። እዚያ የወረደው ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። እዚህ ኮከብ እየቆጠርክ ሊደርስብህ ይችላል። ደጋው ዛፉ ሲመነጠር ደግሞ ውሃውን የሚያዘገየው...

አያችሁ፣ ጂኦግራፊ ጀመርኩ። «ስትፈራ ማስተማር ትጀምራለህ» ትለኛለች ባለቤቴ።

እሺ። ወደዚያች ደቂቃ።

እሜቴ ቆማ ታያለች። ከዚያ ማንም ሳይጠራት ገብታ ክብ መሥራት ጀመረች። እኔ እዚህ ጋ በደስታ ልሞት ነው፤ ከሦስት ወደ ስድስት በአንድ ዝላይ! መዝገቡ ላይ ጽሑፌን ብታዩት የዶክተር ጽሑፍ ይመስላል። ጠጠሩን መርጣ መርጣ ቤቷን ሠራች፣ ውስጡ ያስቀመጠችውን ግን አላየሁትም፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ተኛች። «ሎላን ዱፌ!» ሁሉም ሮጠ። እሷ አልሮጠችም። ተንበርክካ ዕቃ ትመርጣለች። አንዱን ታነሣለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታነሣለች። ልጆቹ ከላይ «ኮቱ! ካለይ! ነይ!» በሚችሉት ቋንቋ ሁሉ ይጮኻሉ። ጎርፉ ደርሶ ትከሻዋን ነካት። ቀና ብላ አየችውና «ገና አልጨረስኩም እኮ» አለችው።

(ይስቃል) ጎርፉን! «ገና አልጨረስኩም።»

እሺ፣ ጎርፍ ሆነች። ወደ ድልድዩ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ቆየች። በጣም ቆየች። የተኙት ሰለቻቸው፣ አንዱ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል። እኔ ደቂቃዬን ሞልቻለሁ። ከዚያ ዞረች። አልጮኸችም። ዝም ብላ መጣች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ ፈጠን፣ ከዚያ ሩጫ። የተኙትን በመሃላቸው አለፈቻቸው፤ አንዱንም አልነካችም። ወደ እኔ ነው። ቀጥ ብላ ወደ እኔ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ዝም እንዳለች።

ተነሥቼ ሮጥኩ።

አይ፣ ስሙኝ። አባት ልጁን ለማሳቅ የሚሮጠውን አይደለም። እሱን አውቀዋለሁ፣ ዞር እያልክ፣ እያዘገምክ፣ ልትያዝ ነው የምትሮጠው። ይሄ ሌላ ነው። መዝገቡ ወደቀ፣ አንድ ጫማዬ አሸዋው ላይ ቀረ፣ ግንቡን በእጄም በእግሬም ቧጥጬ ወጣሁት። ዞሬ ያየሁት ላይ ደርሼ ነው። አምስት ዓመት ልጅ ናት እኮ የምታባርረኝ! እዚያው ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ደቂቃው ሞላ። ጻፍ ይለኛል።

ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ያ ዳኛው ልጅ ግን አልሳቀም፣ ሥራ ላይ ነው። መጣና «ምን ይዘህ ወጣህ?» አለኝ። ድሬ አይደል፣ አንቱታ የለም።

እጄን አየሁ።

«ወደቅክ» አለኝ።

በማግስቱ ስንመለስ ቤቶቹ የሉም። አሸዋ የሚጭኑት ሰዎች ጠርገው ወስደውታል፤ እና አሁን የአንዱ ሰውዬ ግድግዳ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ የእሜቴ ቤት። ተለስኖ። ይሄ ከምንም ጋር አይገናኝም፣ ብቻ አሰብኩት።

ያን ቀን ማታ እግሯን ሳጥባት ነው የጠየቀችኝ።

«አባ፣ ለምን የእውነት ሮጥክ?»

«ጎርፍ ነበርሽ አይደል?»

«የጨዋታ ጎርፍ ነኝ እኮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን የእውነት ሮጥክ?»

«ጎበዝ ጎርፍ ስለሆንሽ» አልኳት። አየችኝ። ረጅም አየችኝ፤ አንድ ደቂቃ የሞላች ነበር የሚመስለው። ከዚያ «ሌላኛው እግሬ ይቀራል» አለች።

እና ምኑ ነው የሚረብሸኝ? ይሄን ልነግራችሁ ነው ማይኩን ያበራሁት፤ አሁን ሳወራው ደግሞ ይጠፋብኛል። አንዱ ይሄ ይመስለኛል፦ እኔ ስለዚህች ከተማ ብዙ አስተምሬያታለሁ። ለገሃር ወስጃት ሐዲዱን አሳይቻታለሁ። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ እንደተቆረቆረች፣ የከዚራ መንገዶች ለምን ቀጥ ቀጥ እንዳሉ፣ ዛፎቹ ለምን በሰልፍ እንደቆሙ ታውቃለች። መጋላና ከዚራን የሚለየው ወንዝ ስሙ ደቻቱ እንደሆነም ነግሬያታለሁ። ስሙን ብቻ። ውሃውን አልነገርኳትም። ልጅ ናት፣ ጊዜው ይደርሳል ብዬ። ቤት ውስጥ የማስተምረው እኮ ምን መቼ እንደምትሰማ እኔ ልመርጥ ነው፣ ልክ ነው? አሸዋው ላይ ያሉት ግን ምንም ሳይነግሯት፣ ተኚ አሏት፣ ተነሺ አሏት፣ ምን ይዘሽ ወጣሽ አሏት። አለቀ። እኔ የስንት ወር ትምህርት አወጣለት ነበር፣ ከነ ሥዕሉ።

ወይም ደግሞ ምንም አልተማረችም። አባሮሽ ነው፣ አቦ። ጎርፉ ጅብ ቢሆን ያው ነበር። እኔ ነኝ ሌላ ነገር ያየሁት፣ እሷ ሳትሆን። ታዲያ ከዚያ በፊት መዝገቡ ላይ የጻፍኩትስ ስንቱ እሷ ናት?

ወንድሜ ደግሞ ምን አለኝ፦ «ወደ አንተ የመጣችው ሁሉም ሲጫወት አንተ ብቻ ቁጭ ብለህ ስለምታይ ነው። ልታስገባህ ነው።» ቆሞ የሚያየው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ሦስተኛው። ይሄ አባባል ደስ ይለኛል። በጣም ደስ ስለሚለኝ ነው የማላምነው።

እኔ የዚያን ሌሊት ይዤ የወጣሁት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ። (ይስቃል) ሪሞት! ቴሌቪዥኑ ሄዷል፣ ቤቱ ሄዷል፣ እኔ መጠለያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቁልፉን እጫናለሁ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ስንጣላ «ቻናል ቀይር» ነው የሚለኝ። እሱ ምንም አልያዘም፣ ሕፃን ነበር። እማዬ ናት የያዘችው። እሱን በጀርባዋ፣ እኔን በእጄ። እና በልጆቹ ሕግ ከሄድን እማዬ ሁለት ይዛ ስለወጣች...

አሁን ነው ይሄ የመጣልኝ።

ሞቀኝ። ቬንትሌተሩን ለትንሽ ላብራው? አይ፣ ድምፁ ይገባል፤ ባለፈው ሄሊኮፕተር ውስጥ ነህ ወይ ብላችሁኛል።

ልንገራት ወይ ነው ጥያቄው እንግዲህ። ብነግራት የምትጫወተው ጨዋታ የኔ ይሆናል። አሁን የነሱ ነው። ባልነግራት ደግሞ «ጎበዝ ጎርፍ ስለሆንሽ» ያልኳት ይቀመጣል፣ እና ታውቃለች፣ የነገርኳት ሌላ መሆኑን ታውቃለች። እነዚህ መጻሕፍት ልጁን እይ፣ ጻፍ፣ ጣልቃ አትግባ ይላሉ። ልጁ ሲያይህ ምን እንደምትሆን ገጽ የላቸውም። ወይ አላገኘሁትም።

እማዬን ልጠይቃት አስቤ ነበር። እማዬ ስለዚያ ሌሊት ስትጠየቅ «ምሳ በላችሁ?» ነው የምትለው፣ ሁልጊዜ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ቢሆንም። እሜቴ ብትጠይቃት ግን የምትነግራት ይመስለኛል። ቁጭ አድርጋ፣ ጸጉሯን እየሠራች፣ ከነ ዝርዝሩ። ለኔ ያልነገረችኝን። እና እውነቱን ንገረን ካላችሁ፣ ይሄ ትንሽ ያናድደኛል። እሁድ እሷ ጋ ነው የምንውለው፤ እሜቴ ጥያቄ አታጣም፣ እኔ ደግሞ እዚያ ልቀመጥ ወይስ ወጣ ልበል...