ድንኳኑን ያስገዙት እናት

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ወላጆች፣ የክፍል ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

"ስለ ንግግር ጥበብ ኮርሱ አምስት ደቂቃ ተናገሪ" ስባል ደስ አለኝ። ከዚያ ፈራሁ። ኮርሱን ኤ አምጥቼበታለሁ። ሰው ማሳመን ግን አልቻልኩም። ማስረጃ አለኝ።

አንደኛ ዓመት ጨርሼ ክረምቱን ቤት ሄድኩ። የሰፈራችን ዕድር ድንኳን ለመግዛት መዋጮ ይጨመር አይጨመር እያለ ይጨቃጨቃል። አባቴ "ልጄ ይሄን ነው የተማረችው" ብሎ አስነሳኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አልኩ። የአሮጌውን ድንኳን የጥገና ወጪ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። አንድ አዛውንት አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አዛጉ። ሌላው "ጎሽ ልጄ፣ ተባረኪ" አሉኝ። በሰፈራችን ቋንቋ ተቀመጪ ማለት ነው።

ከዚያ አንዲት እናት ከጀርባ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እስኪያስቀምጥ ድረስ ዝም አሉ።

"ባለፈው ነሐሴ፣ ለቅሶው ላይ፣ ዝናቡ በቀዳዳው ገብቶ ምስር ወጡን ሾርባ አላደረገውም? በልታችሁት የለም እንዴ?"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ በረድ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ለቀስተኞቼን ዝናብ እንዳታስመቱብኝ።"

እጅ ወጣ። መዋጮው ተጨመረ።

አሪስቶትል ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ ያላቸውን፣ ማለትም የተናጋሪውን ተአማኒነት፣ የአድማጩን ስሜትና ምክንያትን፣ ሦስቱንም እኚህ እናት በአንድ ደቂቃ ጨረሷቸው። ያውም ኢቶሱ የዚያን ቀን የመጣ አይደለም። በየለቅሶው ድስት ሲያጥቡ ነው ሰው የሚያውቃቸው።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። መምህሮቼ ይቅር በሉኝ። የጥንቱ ግሪካዊ ተናጋሪ ዴሞስቴነስ አፉ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ ይለማመድ ነበር ይባላል፤ ተምረናል። ጥሩ። ባላጋራዎች አደግድገው፣ በቅሎና ማር እየተወራረዱ፣ ዳኛ ፊት በግጥም የሚሟገቱበትን በላ ልበልሃን ግን አንድም ቀን አላነሳንም! ከፍተኛውን ዳኛ "አፈ ንጉሥ" ብሎ የሾመ አገር ልጆች ነን! ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ፕሬዘንቴሽኑ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ላሳመነ ማርክ የለም!

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ የተናገሩት በአማርኛ ነው። ፈረንሳይኛ አጥተው መሰላችሁ? እርግጥ የመንግሥታቱ ማኅበር አላዳነንም፤ ከቀናት በኋላ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ታዲያ ያማረ ንግግር ለምን ይሸነፋል? ይሄን በክፍል ውስጥ መከራከር አምሮኝ ቀረ።

ስለ ማስታወቂያና ስለ ቲክቶክም ልል ነበር። ሰዓት አልቋል፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንድ ልመና ብቻ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎችን አንድ እሑድ ዕድር ስብሰባ ውሰዷቸው። ወደ እኛ ሰፈር ከመጣችሁ ዝናብ አያሰጋችሁም፤ ድንኳኑ አዲስ ነው።