ከሐይቅ ወደ ባሕር፦ ለመጥለቅ ስንት ኪሎ እርሳስ ልጨምር?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ሐይቅ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር የኒዮፕሪን (አየር ያዘለ የጎማ ስፖንጅ) ልብስ ለብሼ፣ ቀበቶዬ ላይ በታሰረ 6 ኪሎ የማስመጫ እርሳስ ያለ ችግር እጠልቃለሁ። ባሕር ላይ ግን በዚያው ክብደት መውረድ አቃተኝ። ስንት ልጨምር?»

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይበቃዋል። የእርስዎን ልክ ለማወቅ ግን ልብሱን፣ ሲሊንደሩን (የሚተነፍሱት አየር የታመቀበትን ጋን) እና እርሳሱን ሁሉ እንደያዙ ሚዛን ላይ ይቁሙ። 1 ሊትር የሐይቅ ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን የባሕር ውሃ 1.025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚገፋዎት ኃይል በ2.5 በመቶ ይጨምራል። ሚዛኑ 100 ኪሎ ካለ 2.5 ኪሎ፣ 80 ካለ 2 ኪሎ ይጨምሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የ6 ኪሎውን እርሳስ ብቻ በ2.5 በመቶ አስበው 150 ግራም ላይ ሲደርሱ ነው። ውሃው የሚገፋው እርሳሱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ከነዕቃው ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የሐይቁ 6 ኪሎ ራሱ ትክክል ከነበረ ነው።

ሁለተኛው፦ «ትክክል መሆኑን በምን ልፈትን?»

መልስ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲቀር፣ እግርዎ መሬት በማይነካበት ቦታ፣ ሬጉሌተሩን (ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፍሱበትን) አፍዎ ውስጥ አድርገው ይፈትኑ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አየር ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ የጃኬቱን ቱቦ ወደ ላይ ከፍ አድርገው የግራ ትከሻዎን ካላነሡ ከውስጥ የሚቀር አየር አይጠፋም። በልክ ተንፍሰው ለአፍታ ትንፋሽዎን ይያዙ (ይህ በውሃው ገጽ ላይ ለሚደረግ ፈተና ብቻ ነው፤ ከጥልቀት ሲወጡ ትንፋሽ አይያዝም)። ውሃው ዓይንዎ ላይ ሊቆም ይገባል። ቀስ ብለው ሲያስወጡ ይሰምጣሉ። ትንፋሽ ይዘው ከሰመጡ 1 ኪሎ ይቀንሱ፤ አስወጥተውም ካልሰመጡ 1 ኪሎ ይጨምሩ።

እግርዎን አያንቀሳቅሱ። ሳያውቁት የሚቀዝፉ ጠላቂዎች ራሳቸውን ወደ ላይ እየገፉ «ክብደት አነሰኝ» ይላሉ። ገና ያልራሰ ልብስም በስፌቱና በብብቱ አየር ስለሚይዝ ጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቆዩ።

ሙሉ ሲሊንደር ብቻ ካለዎት በእሱ ይፈትኑና 2 ኪሎ ያክሉ። ምክንያቱም 12 ሊትር ሲሊንደር ከ200 ወደ 50 ባር ሲወርድ 1800 ሊትር አየር ይወጣል፤ ይህም 2.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲገቡ ትንሽ ከባድ መሆንዎ ስሕተት አይደለም፤ ክብደቱ የሚለካው ለመውጫው ነው።

ሦስተኛው፦ «መውረዱ ቀላል ነው፤ በመመለሻ ግን ከመውጣቴ በፊት ለደኅንነት 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆም ለማለት ስሞክር ወደ ላይ ይወስደኛል።»

መልስ፦ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ይዘው ነበር? የተለመደው 11 ሊትሩ ሙሉ ሳለ ይሰምጣል፤ 50 ባር ሲቀር ግን ከ1 ኪሎ በላይ ወደ ላይ ይጎትታል። የብረት ሲሊንደርም አየር ሲቀንስ ያንኑ ያህል ይቀልላል፤ መነሻው ከባድ ስለሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አይንሳፈፍም። በዚህ ላይ ኒዮፕሪኑ አለ፦ ከታች ሲጨመቅ የነበረው ልብስ ሲወጡ ተመልሶ ይነፋል። ከብረት ወደ አሉሚኒየም ሲቀይሩ እንደ ሲሊንደሩ ሥሪት 2 ኪሎ ገደማ መጨመር ያስፈልግ ይሆናል።

የመጨረሻው፦ «ለጥንቃቄ ብዬ 4 ኪሎ ብጨምርስ?»

መልስ፦ ይህ ጥንቃቄ አይደለም። ትርፉን 4 ኪሎ ለማንሳት ጃኬትዎ ውስጥ 4 ሊትር አየር ያስገባሉ። ያ አየር 10 ሜትር ላይ 4 ሊትር ቢሆን ሳያስወጡት የውሃው ገጽ ላይ ሲደርሱ 8 ሊትር ይሆናል፤ ፈጥኖ መውጣት የሚመጣው ከዚህ ነው። እግርዎም ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቀዘፋው ይከብዳል፣ አየርዎ ቶሎ ያልቃል። እርሳሱን ቀበቶው ላይ በግራና በቀኝ እኩል ይደልድሉ፤ መቆለፊያውን በአንድ እጅ ፈትተው መጣል መቻልዎን ከመግባትዎ በፊት፣ ጃኬቱን ከለበሱ በኋላ ይሞክሩ። የጃኬቱ መታጠቂያ ቀበቶውን ሸፍኖት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።