የማንን ጥርስ ከማን ጥርስ ጋር?

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን ጥርስ ነው፤ በተለይ የጎልማሳ ሰው ጥርስ። አርባን የተሻገረ ሰው ጥርሱ ከእኩዮቹ አንጻር በምን ደረጃ ላይ እንዳለ እንዴት ያውቃል? እኔ ለምሳሌ ሁለት መንጋጋ አስነቅያለሁ፣ አንድ አስሞልቻለሁ። በዕድሜዬ ይህ ደህና ነው?

ትዕግሥት፦ ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ሄኖክ፦ ከእኩዮቼ ጋር ነዋ።

ትዕግሥት፦ እኮ፣ ከየትኞቹ? እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር ጥርሱ ነጭ የሆነ ልጅ ሲመጣ እንግዳ መሆኑን ወዲያው እናውቅ ነበር። የሁላችንም ጥርስ ቡናማ ነው። የእኔ የፊት ሁለቱ ላይ መስመር አለ፤ የታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከእኔም ይጠቁራል። ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ።

ሄኖክ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ትዕግሥት፦ ምን እላለሁ! ያን ዓመት እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ ስቄ አላውቅም። እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኩዮቼ የተለየሁ አልነበርኩም። እኩዮቼ ተቀየሩ እንጂ ጥርሴ አልተቀየረም።

ሄኖክ፦ ውሃው ነው አይደል?

ትዕግሥት፦ የጉድጓድ ውሃው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወንጂ አካባቢ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ከወላይታው፣ ከከምባታው፣ ከሐዲያው ሰው ለሥራ ጎረፈ። ልጆችም እዚያው ተወለዱ።

ሄኖክ፦ ወላጆችሽም ጥርሳቸው ቡናማ ነው?

ትዕግሥት፦ አየህ፣ እሱ ነው የሚገርመው! አባቴ ትልቅ ሰው ሆነው ነው የመጡት፤ አንድም ጥርሳቸው አልጠቆረም። ፍሎራይዱ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ከአንድ እንስራ እየጠጣን የአባትና የልጅ ጥርስ ለየቅል ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ግን በሕፃንነታቸው ስለመጡ...

ሄኖክ፦ ጋሼ መጡ። አድማጮቻችን፣ እኚህን አጎት ሳናነሳ ያለፍንበት ዝግጅት የለም።

ትዕግሥት፦ ምን ላድርግ፣ ጥርስ አልክ እኮ! ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጥርሳቸው ድፍን ቡናማ ነው፤ ግን ሠላሳ ሁለቱም አሉ። ሠርግ ቤት የጠርሙስ መክፈቻ ሲጠፋ «ጋሼን ጥሩልን» ነው የሚባለው። ቆርኪውን በመንጋጋቸው ጠርቀም አድርገው...

ሄኖክ፦ እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው።

ትዕግሥት፦ እኔም ለምኛቸዋለሁ። «በብረት የተከፈተ ቢራ አይጥምም» ይላሉ። ቆሎውንስ ብታይ! ሽምብራውን ሳያሹ፣ ሳይመርጡ...

ሄኖክ፦ ስለዚህ የጠቆረ ጥርስ ይጠነክራል እያልሽ ነው?

ትዕግሥት፦ አላልኩም። ቀለም ሌላ ነው፣ መበስበስ ሌላ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንደ ጋሼ አይደለም። የጥርሳቸው ሽፋን እየተፈረፈረ ያለቀባቸው አሉ። ለረጅም ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ጡረታ ከወጡት ሠራተኞች መካከል አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው ነበሩ። ጋሼ ዕድለኛ ናቸው።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ወደ ጥያቄዬ መልሽኝ። የእኔ ሦስት ጥርስ።

ትዕግሥት፦ ሐኪሞች ሰውን ከሰው ሲያነጻጽሩ የበሰበሰውን፣ የተነቀለውንና የተሞላውን ይደምራሉ። አንተ ሦስት ነህ። ግን ይህ ቁጥር ጉድ አለበት፤ በጊዜ ሄዶ ያስሞላውና ጥርሱን ይዞ የሚያቃስተው እኩል አንድ ይቆጠርባቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም የአንተና ሦስቱንም በጊዜ ያስሞላ የአንድ ስዊድናዊ ሦስት አንድ አይደለም።

ሄኖክ፦ እኔ ግን ዞሮ ዞሮ የዕድሜ ጉዳይ ይመስለኛል። ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፋል። አያቴ በመጨረሻ እንጀራውን ወጥ ውስጥ አርሰው ነበር የሚበሉት፤ ማንም በሽታ ነው አላለም።

ትዕግሥት፦ አላምንበትም! እንግሊዞችን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝና በዌልስ ከአዋቂዎች 37 በመቶው አንድም የራሱ ጥርስ አልነበረውም። ወጣት ሴቶች ከሠርጋቸው በፊት ጥርሳቸውን በሙሉ አስነቅለው ሰው ሠራሽ የሚያስተክሉበት ልማድ ነበር፤ ባልየው ወደፊት የሐኪም ወጪ እንዳይበዛበት።

ሄኖክ፦ ጥሎሽ መሆኑ ነው?

ትዕግሥት፦ ስጦታ! ቤተሰብ ነው የሚከፍለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠና ግን ጥርስ አልባው ወደ 6 በመቶ ወርዷል። በአርባ ዓመት ውስጥ የሰው ዕድሜ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እርጅና ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወደ ላይ በወጣ ነበር። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 «በሰማንያ ዓመት ሃያ ጥርስ» ብለው ዘመቻ ጀመሩ። ያኔ ከአሥር የሰማንያ ዓመት አዛውንት ሃያ ጥርስ ያለው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ አሁን ከግማሽ በላይ ሆነዋል። ሃያ ጥርስ ካለህ ጥሬ ሥጋም ትበላለህ።

ሄኖክ፦ እነሱ ሐኪምም መድን ዋስትናም አላቸው። እዚህ ብዙው ሰው የጥርስ ሐኪም ጋር የሚሄደው እንቅልፍ ሲያጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ መንቀል ብቻ ነው የሚቀረው።

ትዕግሥት፦ በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ዕድሜ አይደለም ማለት ነው።

ሄኖክ፦ ዕድሜም አለበት። በዓለም ዙሪያ ስልሳ ዓመት ካለፈው ሰው 23 በመቶው ጥርስ አልባ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያለው ሁሉ ሲደመር ግን 7 በመቶ አካባቢ ነው።

ትዕግሥት፦ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይታከም የተጠራቀመ ነዋ! ስኳሩ፣ ሲጋራው፣ ስኳር በሽታው።

ሄኖክ፦ የስኳር አገር ልጅ ስለ ስኳር ስታስተምር!

ትዕግሥት፦ እኛ አገዳውን በጥርሳችን ልጠን ነበር የምንበላው፤ የከተማ ልጅ ግን ከረሜላውን አፉ ውስጥ ይዞ ይውላል። ጋሼ እስከ ዛሬ መፋቂያቸው ከኪሳቸው አይጠፋም፤ ከወይራ።

ሄኖክ፦ መፋቂያ ይበቃል ትያለሽ?

ትዕግሥት፦ በደንብ ለሚፍቅ ጥሩ ነው። ግን የውስጠኛውን የመንጋጋ ገጽ ለመድረስ ይቸግራል።

ሄኖክ፦ የእኔ እናት በመፋቂያ ብቻ ነው የኖሩት፤ ደህና ናቸው።

ትዕግሥት፦ እሺ፣ በዚህ አንከራከር። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትቦርሽ ድድህ ይደማል?

ሄኖክ፦ አልፎ አልፎ።

ትዕግሥት፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሄኖክ፦ ቆየ እንግዲህ።

ትዕግሥት፦ ሄኖክ! ሦስት መንጋጋ ትቆጥርልኛለህ፣ ይህን ትደብቃለህ? ትልቅን ሰው ጥርስ የሚያሳጣው እኮ ብዙ ጊዜ የድድ በሽታ ነው። አያምም፤ ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው የምትነቃው። ድድህ ሲደማ ከማንም ጋር አትወዳደርም፣ ሐኪም ጋር ሄደህ ትታያለህ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሂድ።

ሄኖክ፦ ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ።

ትዕግሥት፦ ሰኞስ?

ሄኖክ፦ ሰኞን እናየዋለን። ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን አልቋል...

ትዕግሥት፦ አላለቀም፤ አሥር ደቂቃ አለን።