የካልሲዋ ቀጭኔና የልጆቻችን ቋንቋዎች

የተከበራችሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ውድ የቴአትር ተማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የሥልጠናው አዘጋጆች ስለ ልጆች ቴሌቪዥን እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነብኝ በአንዲት ቀጭኔ ልወስነው ፈቅደውልኛል። ቀጭኔዋ ፀሐይ ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን ዝግጅት በአራትና በአምስት ዓመቱ ያየ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች መካከልም መዝሙሮቹን በቃሉ የሚያውቅ አይጠፋም።

ለእኔ ዕድሜ ሰዎች የልጆች ቴሌቪዥን ማለት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ተረት ነግረውናል። እሳቸው ተናጋሪ፣ እኛ አድማጭ ነበርን። ፀሐይ በአየር ላይ የዋለችው ከእሳቸው ዘመን ማብቂያ ጋር ተያይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እርሷ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ስለሆነች ለተመልካቿ አታስተምርም፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ደግማ ትሞክራለች። አስተማሪው በልጅ ቁመት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በቴሌቪዥን ያየነው በእርሷ ነው።

ፀሐይን የፈጠሯት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን፣ ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ጀመሩ። ጣቢያው የመንግሥት፣ ሥራው የግል ነበር። በ2008 ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠው የጃፓን ሽልማትና ጀርመን ሙኒክ ላይ ለልጆች ቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕሪ ዥኔስ ሽልማት፣ በ2010 ደግሞ ለወይዘሮ ብሩክታዊት የሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት ተጨመረ፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኔን ግን ከሽልማቱ ይልቅ የፀሐይ ዕድሜ ይደንቀኛል። በአገራችን የልጆች ዝግጅት ስፖንሰር ሲገኝ ይጀመራል፣ ስፖንሰሩ ሲሄድ ይቋረጣል፤ ማንም አይጠይቅም፣ ምክንያቱም ልጆች አቤቱታ አይጽፉም።

ትናንት ልምምዳችሁን ከኋላ ቆሜ ስመለከት ስለነበር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እጃችሁን ያስገባችሁባት አሻንጉሊት ስትናገር አራቱን ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ታነሣላችሁ። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቷ ከነዓይኗ ወደ ኋላ ይጋደምና ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከጣሪያው ጋር የምታወራ ትመስላለች። አራቱን ጣቶች አጽኑ፣ አውራ ጣታችሁን ብቻ ወደ ታች ልቀቁ። ሰው ሲናገር የሚወርደው የታችኛው መንጋጋው ነውና። ካሜራ ፊት ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካችሁ ሥራችሁን በስክሪን ነው የምታዩት። ስክሪን መስታወት ስላልሆነ ግራና ቀኙ ይምታታባችኋል፤ ክንድም ይዝላል። በሁለተኛው ሳምንት ይለመዳል፤ የክንዱ መዛል ግን አይለቅም።

ይህን ያነሣሁት ለቋንቋው ጉዳይ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ተዋናይ «ኡ» ሲል ከንፈሩን ያሾላል፣ «ኢ» ሲል ይገልጠዋል። ስለዚህ የሌላ ቋንቋ ድምፅ ሲገባበት ወዲያው ያስታውቃል። የካልሲ አፍ ግን ከመከፈትና ከመዘጋት በቀር ሌላ አያውቅም። የንግግሩን ርዝመት ካመጣጠናችሁ፣ ያንኑ ምስል ይዞ በአገሪቱ ቋንቋ ሁሉ መናገር ይችላል። ብዙ ቋንቋ ላለው አገር ከዚህ የበለጠ ርካሽ ተዋናይ የት ይገኛል? ፀሐይም በአማርኛ ብቻ አልቀረችም፤ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተናግራለች።

ሥራው የሚከብደው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መዝሙር ነው፤ ዜማው ቢቆይም ግጥሙ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፣ ቃል በቃል የተመለሰ የልጆች መዝሙር የሚዘምር ልጅ አይገኝምና። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የማያስበው፣ የፊደል ትምህርት ነው። እጅ ስለ መታጠብ የሚያወራ ክፍል ድምፁን ቀይሮ ያልፋል። «በ»ን የሚያስተምር ክፍል ግን በትግርኛ ቢያልፍ እንኳ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በሲዳምኛና በወላይትኛ አያልፍም፤ እነዚህ የሚጻፉት በላቲን ነው። ድምፁ ላይ የፈለጋችሁትን ብትሠሩ ምስሉ ያጋልጣችኋል። ያለው አማራጭ እንደገና መቅረጽ ነው፤ እንደገና መቅረጽ ደግሞ ገንዘብ ነው። በጀት ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ነው። ስለዚህ ማንበብ መማር ለሚገባው ልጅ የሚደርሰው የእጅ መታጠቡ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ንጹሕ እጅ ይዞ አንደኛ ክፍል ይገባል።

ይህ የሚሆነው ሁሌም በአማርኛ ጀምረን ሌላውን ስለምናስከትል ይመስለኛል። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ በአማርኛ ስለተሠራው ሁሉ ደስ ይለኛል። ሆኖም ቀጣዩ አሻንጉሊት በሲዳምኛ ወይም በአፋርኛ ተጽፎ፣ በዚያው አገር ቀልድና በዚያው አገር እንስሳ ታስቦ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አማርኛ ቢመለስ እወዳለሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ የሚቀየርለት የአዲስ አበባ ልጅ ይሁን።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከስድስት በላይ ቋንቋ እንደሚነገር ከመመዝገቢያው አይቻለሁ። ስለዚህ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን የማጠቃለያ ሥራችሁን ቀይረነዋል። እያንዳንዱ ቡድን ከአማርኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የአምስት ደቂቃ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ አንድ ፊደልና አንድ መዝሙር ይኑርበት፣ መዝሙሩ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ አይሁን። ካልሲ ከቤታችሁ አምጡ፤ ቁልፍ፣ ክርና ስፖንጅ እዚህ አለ። የቡድን ድልድሉ በር ላይ ተለጥፏል።